ጉማሬው ወራሽ

የገዛ ራሱን ኑዛዜ የሚፈራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ የአባቴ ወዳጅ አያ ታከለ ናቸው።

አያ ታከለ ዘጌ ላይ፣ ደንገል የሞላበት የሐይቅ ዳር መሬት አላቸው። ልጅ የላቸውም። ታዲያ ሳል በያዛቸው ቁጥር የወንድማቸው ልጆች ከባሕር ዳር በጀልባ ከች ይላሉ። «እንዴት አደሩ?» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን መሬቱ ላይ ነው።

«እነዚህ ሞቴን ነው የሚጠብቁ!» አሉና አያ ታከለ አንድ ቀን የንስሐ አባታቸውንና እኛን ምስክሮቹን ሰበሰቡ። መሬቱ ከእርሳቸው በኋላ ሳይታረስና ሳይታጠር ለጉማሬውና ለወፎቹ መጠለያ ይሁን ብለው ተናዘዙ። እኔም ፈረምሁ። እፎይ አሉ ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ብሄድ በራቸውን ዘግተው አገኘኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን በጉማሬ መሃል ታንኳ የቀዘፉ ሰው፣ ፊታቸውን ለመታጠብ እንኳ ሐይቁ ዳር መውረድ ትተዋል።

«ምነው አያ፣ አመመዎ?»

«ቀስ ብለህ አውራ! ዛሬም ከውሃው ብቅ ብሎ ሲያየኝ ነበር።»

«ማን?»

«ወራሼ ነዋ!»

ሳቄ አመለጠኝ። «ጉማሬ እኮ ኑዛዜ አያነብም።»

«የወንድሜ ልጆችስ አንብበው ነው ሞቴን የጠበቁ?»

ይኸኔ ከሐይቁ በኩል ከባድ ትንፋሽ ተሰማ። አያ ታከለ ሳላቸው መጣ፤ ወራሹ እንዳይሰማቸው አፋቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

ሳቃችሁ? እኔም ስቄ ነበር። ግን በጀልባ የሄድሁት ሰው በባጃጅ ዞሬ ተመለስሁ።