ክቡርነታቸው፣ የያቤጽ ማውስ

በርካሽ የገዛውን ዕቃ የሚያወድስ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ውድ ዕቃ የገዛ ሰው ዝም ይላል፤ ዕቃው ይናገርለታል። በርካሽ የገዛ ግን ሰላም አይሰጣችሁም። ጃንጥላውን በጠራራ ፀሐይ ዘርግቶ ያሳያችኋል፣ የእጅ ባትሪውን በቀትር ዓይናችሁ ላይ ያበራባችኋል፣ ጫማውን አውልቆ ሶሉን አጥፌ ካላሳየኋችሁ ብሎ ይሟገታል። ቡራዩም ድርሻዋን አግኝታለች። የእሷ ድርሻ ያቤጽ ነው፤ የያቤጽ ደግሞ ማውስ።

ያቤጽ የሆሳዕና ልጅ ነው። በአምቦ መንገድ ዳር፣ ከብየዳ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፎቶ ያሳምራል፣ የሠርግ ጥሪ ይሠራል፣ ባነር ይነድፋል። ትህትና እዚያው ክፍል ውስጥ ኮፒ ታነሣለች፣ ጽሑፍ ትተይባለች። ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ስለሚሠሩ፣ ያቤጽ የሚያወራውን ሁሉ ወደደችም ጠላችም ትሰማለች። ስለዚያ ማውስ ከትህትና ይበልጥ የሰማ ሰው በኢትዮጵያ ምድር የለም።

ማውሱ የጌም ማውስ ነው። ከመርካቶ ገዝቶ የመጣ ቀን ኮቱ ውስጥ ከቶ እንደ ጫጩት አቅፎት ነበር። ጥቁር ነው፣ ወፈር ያለ፣ ሽቦው እንደ ጫማ ክር የተጎነጎነ፣ ሆዱ ሥር ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ የሚበራ።

"ማውስ እንዳይመስልሽ!" አላት ሰክቶት ሲያበቃ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ለሥራም ለጨዋታም! ዋጋው የድሃ፣ ሥራው የሀብታም። ይቺን ታያለሽ?" አውራ ጣቱ የሚያርፍባትን የጎን ቁልፍ አሳያት። "ያበላሸሁትን ወደ ኋላ ትመልሳለች። ጠቅ ስታደርጊያት ስሕተቱ እንዳልነበረ ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ በያቤጽ ቤት ስሕተት የለም፤ አውራ ጣት አለ!"

ትህትና ልትሞክረው እጇን ሰደድ አደረገች።

"እጅሽን!" አለ ያቤጽ።

እጅሽን ሰብስቢ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ይቺን ቃል ያልሰማ ደንበኛ የለም። አከራይዋ ሰምተዋታል። ፓስተሩ ሳይቀሩ፣ ስብከታቸውን ሊያስተይቡ መጥተው፣ "እጅዎን!" ተብለዋል። ማታ ሲዘጋ ኮምፒውተሩን እዚያው ትቶ ማውሱን ይነቅላል፣ ንጹሕ ካልሲ ውስጥ ይከተዋል፣ ካልሲውን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ቤቱ ይሄዳል። አንድ እሑድ ጸሎት ቤት መሐረብ ያወጣ መስሎት ካልሲውን ከነማውሱ አውጥቶ ግንባሩን ጠርጎበታል። ትህትና መዘምራኑ መሐል ቆማ ነበርና ያንን መዝሙር ሳትጨርሰው ቀረች።

"ክቡርነታቸው" የሚለውን ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። "ክቡርነታቸው ቁርስ አደረጉ?" ትላለች ጠዋት። "ዛሬስ ቀልተዋል፣ ማን አስቆጣቸው?" ያቤጽ አይቀየምም። እንዲያውም ማዕረጉ የዘገየ ይመስለዋል።

ሐቁን ለመናገር ሲሠራ ያስቀናል። ቀን ቀን ኮት የሌለውን ሚዜ ኮት ያለብሳል፣ የጎደለ ጥርስ ያሟላል፣ ከቡራዩ ወጥቶ የማያውቀውን ሰው ፏፏቴ ሥር ያቆማል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው ማውስ ተኩስ ይጫወታል፤ በአንዱ ጣት ያነጣጥራል፣ በሌላው ይተኩሳል፣ "በለው!" እያለ ወንበሩን ያንቋቋል። ይኼ እስከ 2008 ድረስ ነው።

በዚያ ዓመት ነገር ሁሉ ተቀየረ። አዲስ አበባ በማስተር ፕላኑ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው ተባለ። ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአስፋልቱ ማዶ እውነተኛ ተኩስ ተሰማ። ትህትና ኮፒ ማሽኑ ሥር ቁጢጥ አለች። ቀና ስትል ያቤጽ እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ ፈዞ ስክሪኑን ያያል፤ እዚያም ይተኮሳል። ጨዋታውን ዘጋው፣ ከኮምፒውተሩም አጠፋው። ዳግመኛ ሲያነሣው አልሰማችም።

በምትኩ ከተማ የሚገነባበት ጨዋታ ጀመረ። ሜዳ ይሰጡታል፣ እሱ ደግሞ መንገድ እየቀደደ ፎቅ ያቆምበታል። "ከንቲባ ሆኛለሁ" አላት። "ክቡርነታቸውስ?" አለችው። "ዋና መሐንዲስ!"

አንድ ቀን መሐንዲሱ ሥራ ላይ እያሉ ኦቦ መገርሳ ገቡ። ኦቦ መገርሳ የሰፈሩ ቤቶች ከሚያልቁበት ማዶ ጤፍ የሚዘሩ፣ ላሞች ያሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው አዴ ወርቅቱ ሻሻቸውን ቅንድባቸው ድረስ አስረው ለእነ ትህትና ሳይቀር ወተት የሚያደርሱ ሴት ነበሩ። ኦቦ መገርሳ "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጡና መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስነሡ ለትህትና አቀበሏት። ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ቀረ።

"ያ አረንጓዴው ምንድን ነው?"

"ባዶ መሬት ነው ኦቦ! አሁን አውራ ጎዳና አወጣበታለሁ። አንቱ ብቻ ይመልከቱ፣ ጠቅ!"

"ባዶ ነው?" ኦቦ መገርሳ ጎንበስ አሉ። "እዚህ ጋ ጎጆ ነበረች እኮ። የማን ነበረች?"

የያቤጽ አውራ ጣት ወደ ቁልፏ ሄደች፤ መንገዱ ጠፍቶ ጎጆዋ ተመለሰች። ኦቦ መገርሳ ከልባቸው ሣቁ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ኮፒያቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በያቤጽ ከተማ መሐል አንድ እርሻ አለ። መንገዱ ሁሉ እሱን እየዞረ ያልፋል፣ መኪናው ተጨናንቆ ጡሩምባ ይነፋል፣ ከንቲባው ግን ንቅንቅ አይሉም።

ታኅሣሥ ላይ አዴ ወርቅቱ አጭር ሕመም ታመው ዐረፉ። ቀብሩ ለማግስቱ ጠዋት ተባለ። ባረፉበት ቀን ቀትር ላይ ኦቦ መገርሳ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ያቤጽና ትህትና ተነሡ፣ "ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሏቸው። ሽማግሌው ከደረታቸው አንድ የወረቀት ፎቶ አወጡ። የጎረቤት ሠርግ ላይ የተነሣ ነው። ከኋላ ረድፍ፣ በሁለት ሴቶች ትከሻ መሐል፣ ያለ ሻሽ፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ሸሸት ያደረጉ አዴ ወርቅቱ ብቅ ብለዋል። ፊታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም።

"ካሜራ ስትሸሽ ኖራ" አሉ ኦቦ መገርሳ፣ "ያለኝ ይቺ ብቻ ናት። ሱሉልታ እኅት አለቻት፣ ፀሐይ የምትባል። በዚህ ዓለም የቀረቻት ሥጋ እሷ ናት። መንገዱ ተዘግቶ ልትቀብራት አትችልም። መንገድ ሲከፈት መጥታ የምታለቅሰው በፎቶዋ ላይ ነው።" ፎቶውን ለያቤጽ ዘረጉለት። "አዲስ አበባ ወስጄ እንዳላሠራው መንገድ የለም። ፊቷን አውጣልኝ፣ ኢልመ ኮ። ልጄ፣ ፊቷን ብቻ።"

ትህትና ስለ ያቤጽ ፈራች። ያን ሁሉ ጊዜ የፎከረው ሁሉ ዛሬ ተሰብስቦ ጥፍር በምታህል ፊት ላይ ቆመ። ያቤጽ ግን አልፎከረም። ፎቶውን ስካን አድርጎ አጎላውና እጁን ክቡርነታቸው ላይ አሳረፈ። የነጠላውን ጥለት ክር በክር፣ ከግንባር ያመለጠችውን ፀጉር አንድ በአንድ እየተከተለ ከሰው ትከሻ አላቀቃቸው። ሲስት አውራ ጣቱ ይመልሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ትህትና የራሷን ሥራ ትታ ከጀርባው ቆመች። ከዚያ ብዥታ ውስጥ አንዲት ሴት ቀስ እያለች ወጥታ ስታያት እንባዋ መጣ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ግን ያቤጽ ፎቶ አሳማሪ ነው፤ እጁ ለምዷል። የዓይን ሥር መጨማደዱን አለሰለሰው፣ ጉንጩን አፈካው፣ ግንባሩ መሐል የነበረችውን ደብዛዛ ነጥብ ጠረጋት። አትሞ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ፣ ጥግ ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ኦቦ መገርሳ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ቆንጆ ሴት ናት" አሉ። "እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። የማን ሚስት ናት?"

ያቤጽ ጎንበስ ብሎ ፍሬሙን አየ።

"መስቀሏ የታለ?" አሉ ኦቦ መገርሳ ግንባራቸውን በጣታቸው እየነኩ። "በልጅነቷ የተነቀሰችው። እዚህ ጋ ነው እኮ።"

"እኔ... እድፍ መስሎኝ ኦቦ። የፎቶው እድፍ መስሎኝ።"

ያቤጽ ባደገበት ጸሎት ቤት ግንባሯን የተነቀሰች እናት አልነበረችም። ትህትናም አንገቷን ደፋች። ያን ሁሉ ወተት ከእጃቸው ስትቀበል ከሻሹ በላይ ምን እንዳለ አላወቀችም።

ያቤጽ ቁልፏን ደጋግሞ ተጫነ። መጨማደዱ ተመለሰ፣ ደብዛዛዋም ነጥብ ተመለሰች። "ያ ነቁጥ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ "የእሷ ግን መስቀል ነበር።" ያቤጽ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ቀጥ ያለ፣ አራቱም ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል ፈልጎ ግንባራቸው ላይ አስቀመጠ። ኦቦ መገርሳ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወርቅቱ ክሊኒክ አይደለችም፣ ልጄ" አሉት።

ያቤጽ ማውሱን አየ፣ ኦቦ መገርሳን አየ።

"እጅዎን" አለ።

ትህትና ክው አለች። አንተ ልጅ፣ ሐዘንተኛ ሽማግሌን እጅዎን ትላለህ?

"እጅዎን ይስጡኝ ኦቦ" አለ ያቤጽ። ተነሥቶ በራሱ ወንበር አስቀመጣቸውና መዳፋቸውን ማውሱ ላይ አደረገው። ዕርፍ ሲይዝ የኖረው እጅ ክቡርነታቸውን ሙሉ በሙሉ ዋጣቸው፤ በጣቶቹ መሐል ቀይና አረንጓዴ ብቻ ይታያል። ያቤጽ ከላይ እጁን ደረበ። "አንቱ ይምሩኝ፣ እኔ እጫናለሁ።"

መጀመሪያ የቆመችዋ መስመር ወረደች። ቀጥሎ አግዳሚዋ መጣች፤ ቀኙ ደኅና ሄደ፣ የግራው ክንድ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ዘመም አለ። የሽማግሌ እጅ ነው፣ ያዘነ እጅ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ትህትና የያቤጽን አውራ ጣት አየችው፤ ወደዚያች ቁልፍ ሄዶ ላይዋ ላይ ቆመ። ጠቅ ቢያደርጋት መስመሩ ጠፍቶ ይቃናል። ያቤጽ የኦቦ መገርሳን ፊት ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ። ከንፈራቸው ሚስታቸውን እያናገረ ነው።

አውራ ጣቱን አነሣ።

"እሷ ናት" አሉ ኦቦ መገርሳ። "ገለቶሚ፣ ልጄ። እሷ ናት።" ብለው አመሰገኑ፤ ቃሉ አልበቃቸው ብሎ የያቤጽን እጅ ሳሙት።

መንገዱ ሲከፈት ያቤጽና ትህትና ለቅሶ ሊደርሱ ኦቦ መገርሳ ቤት ሄደው ሳለ አዴ ፀሐይ ከሱሉልታ ገቡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ፣ እየጮኹ፣ ደረታቸውን እየመቱ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ፎቶ ሄዱ። ያዙት፣ አቀፉት። ድንገት ከደረታቸው አላቅቀው ትኩር ብለው አዩት። ጣታቸው የመስቀሉ ግራ ክንድ ላይ ዐረፈ።

"ይቺ! ይቺ ጠማማዋ!" አሉ። "እኔ ነኝ ያጣመምኳት! ስትነቀስ ጭንቅላቷን የያዝኳት እኔ ነበርኩ፣ አሣቅኳትና መርፌው ሳተ! ወርቅቱ፣ እኔው ነኝ፣ አሥቄሽ ነው!" ያለቅሳሉ፣ ይሥቃሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ቤቱ በሙሉ አብሮ አለቀሰ። በአዴ ፀሐይ በራሳቸው ግንባር ላይም ቀጥ ያለች መስቀል ነበረች።

ሰዉ ጋብ ሲል አንዲት ጎረቤት "በምን ዓይነት ካሜራ ቢነሣ ነው እንዲህ ያማረው?" ብላ ጠየቀች። ዓይን ሁሉ ያቤጽ ላይ ሆነ። ትህትና ተዘጋጀች፤ ለሥራም ለጨዋታም ሊል ነው፣ አለቀልን ብላ።

"የሣሉት ኦቦ መገርሳ ናቸው" አለ ያቤጽ። "እኔ አውራ ጣቴን ነው ያነሣሁት።"

ሌላ ምንም ሳይል ዐንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ለካ ይኼ ልጅ ዝም ማለትም ይችላል! ትህትና ኩራቱ ከውስጧ ገንፍሎ ሊያፍናት ደረሰ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረሳችው። የያቤጽ ኮት ኪስ ውስጥ እጇን ከተተች፣ ካልሲውን መዝዛ አወጣች፣ ጥቁሩን ማውስ ከውስጡ አውጥታ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ከፍ አድርጋ አሳየች።

"ማውስ እንዳይመስላችሁ!" አለች።

ያቤጽ እጇን አየው፣ አየውና "እጅሽን!" ሳይል ቀረ።