ጋሽ ምናልባት እና ሐምራዊው ጨው

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ በሩን ቆልፎ ደረጃውን ከጨረሰ በኋላ «ቆልፌው ይሆን?» ብሎ የሚመለስ። የዚህ ቤተ ሙከራ ድርሻ ክቡር ጋሽ ምናልባት ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል ወረሰው። ፀሐይ ሲሆን ጃንጥላ ይይዛሉ፤ ሲዘንብ «ምናልባት ነፋስ ይሰብረዋል» ብለው ኮታቸው ውስጥ ሸሽገውት ይበሰብሳሉ።

የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰችው ወጣት ኬሚስት የወደቀችው እሳቸው እጅ ላይ ነው። ኒዮዲሚየም የሚባለውን ብርቅ ማዕድን ኦክሳይድ፣ ዱቄቱን፣ በአሲድ አሟሙታ፣ ውሃውን በለስላሳ እሳት አድርቃ፣ መስታወት ፋብሪካው የሚጠብቀውን ጨው እንድትሠራ ታዘዘች። ኦክሳይዱ ያችው አንዲት እፍኝ ብቻ ነበረች። ጨዉ ከተበላሸ ሥራዋም አብሮ ይሄዳል።

ጋሽ ምናልባት ከጀርባዋ አልጠፉም። ምናልባት እሳቱ በዝቶ ይሆን? ጨዉ እርጥበት ይስባል፣ ምናልባት መስኮቱ ክፍት ይሆን? ጭንቀት ይጋባል። ልጅቷም ክዳኑ መዘጋቱን ለማረጋገጥ ክዳኑን ትከፍት ጀመር።

ጨዉ ሲደርስ መስኮቱ ሥር ሐምራዊ ሆኖ ዓይን ይማርክ ነበር። ብልቃጡን አቅፋ መስኮት አልባው ማሸጊያ ክፍል ገባች፤ መብራቱን አበራች። ሐምራዊው ጠፍቶ ፈዛዛ አረንጓዴ ነገር ቀርቷል። እርጥበት ገባበት ብላ ደመደመች። ማንም እንዳያይባት ብልቃጡን ጋዋኗ ሥር ሸሽጋ ተመለሰችና፣ ጨዉን አግላ ልታደርቀው የምድጃውን እሳት እስከ ጥግ ለቀቀችው።

«ምን ሸሸግሽ ልጄ?»

«ቀለሙ ሄደ፣ ጋሼ። አለቀልኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በድንጋጤ ቀድመው የሚወድቁት እሳቸው ነበሩ። እሳቱን አጠፉ፤ ብልቃጡን ተቀብለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ሐምራዊው እንዳለ ቁጭ ብሏል። በፀሐይ ሐምራዊ፣ በማሸጊያው ክፍል ፍሎረሰንት አምፖል አረንጓዴ መምሰል የዚህ ጨው ጠባይ ነው አሏት። የሚያበላሸው ያ ሁሉ እሳት ነበር።

«ምናልባት አይሉም?» አለች።

«እሱን የምለው ለማላውቀው ነገር ነው።»

ጨዉን የሚወስደው የፋብሪካው መኪና መጣ። የቤተ ሙከራው አለቃ ብልቃጡንም ልጅቷንም አየት አደረጉና፣ ከእንግዲህ ብቻዋን መሥራት ትችል እንደሆነ ጋሽ ምናልባትን ጠየቁ። ልጅቷ ያቺን «ምናልባት» ጠበቀች።

«ትችላለች» አሉ። ቃሏ አልመጣችም። ልጅቷ እንባዋ መጣ።

መኪናው የግቢው በር ሳይደርስ ግን እየሮጠች ደረሰችበት።

«አንዴ ይቁሙልኝ» አለቻቸው ሹፌሩን፤ «ምናልባት ክዳኑ...»

ጋሽ ምናልባት በመስኮት እያዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግተው ተቀመጡ።