ኪሮስን ማንሳት ክልክል ነው

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ የጀመረ ሰው ሟችን ሳይወቅስ ወሬውን ሲጨርስ የሰማችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። እኔ አልሰማሁም። እንዲያውም ይህችን ሐረግ ስሰማ ጠጋ ብዬ ነው የምቀመጠው፤ ደህና ሐሜት እየመጣ ነዋ! እንደኛ ሙቱን አስፈቅዶ የሚያማ ሕዝብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህ ግን ሰቆጣ ከመሄዴ በፊት የነበረኝ እምነት ነው።

ሰቆጣ የሄድኩት ሕገ መንግሥቱ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት ያቁምለት ባለ ሰሞን ነው። «ተከላካይ ጠበቃ» ተብዬ፣ አንድ ሻንጣና አንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይዤ ደረስኩ። የከተማው ሰው ሰላምታ አይነፍግም፤ የአንተን ጤና፣ የእናትህን ጤና፣ የከብቱን ጤና ይጠይቅሃል። ከዚያ «ሥራህ ምንድን ነው?» ይላል። «ሰው ገድለዋል ለተባሉ እከራከራለሁ» ስል ድንገት የረሳው ጉዳይ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የልብ ጨዋታ የምጫወተው ከእስረኛ ጋር ብቻ ነበር። እሱ የትም አይሄድብኝም።

ከሁሉ የወደድኳቸው አያ ወልዱ የሚባሉ እዚያው ሰቆጣ አጠገብ ያለችው የዝቋላ ገበሬ ነበሩ። የጎረቤታቸው የኪሮስ ፍየሎች ማሽላቸው ውስጥ ገቡ፤ ነገር ነገርን ወለደ፤ አያ ወልዱ በያዙት ዱላ መቱት፤ ኪሮስ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። ክሱ ሆን ብሎ ሰው መግደል ነው። ከጸና ብዙ ዓመት ያሳስራል፤ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ብዙ ዓመት ማለት የቀረው ሁሉ ነው።

ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። ሕግ ገዳይን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። አስቦ ተዘጋጅቶ የገደለ ሌላ ነው፤ ደሙ ፈልቶ የገደለ ሌላ ነው፤ ባለመጠንቀቁ ሰው የሞተበትም ሌላ ነው። ሕይወቱን ለማዳን የመታ፣ ሌላ ማምለጫ እንዳልነበረው ከታመነለት፣ ነጻ ይወጣል።

«አያ ወልዱ፣ ኪሮስ እጁ ላይ ምን ነበር?»

«እኔ መትቼዋለሁ፣ ልጄ።»

«እሱንማ ሰማሁ። እሱስ ምን ይዞ ነበር?»

መሬት መሬቱን አዩ። «ሙት ምን ይይዛል?»

መጥረቢያ ይዞ እንደነበር የነገረኝ አብሯቸው የታሰረ ያገራቸው ሰው ነው። እሳቸው አይናገሩም። ፖሊስ ሳይመጣ በፊት ቄሶችና ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁመው ደም አድርቀዋል። ከዕርቁ ቃል አንዱ «ከእንግዲህ ኪሮስን በክፉ የሚያነሳ አይኑር» የሚል ነው፤ በመስቀል ፊት ተምሎበታል። የሟች ወንድሞች ጠብመንጃቸውን የሰቀሉት በዚህ ቃል ነው። ለበቀል መድኃኒት ነው፣ ለእኔ ክርክር ግን መርዝ። ራሴን ስከላከል ነው ማለት፣ ሟች ቀድሞ ቃጣብኝ ማለት ነዋ!

«ዕርቁን ካፈረስኩ ደሙ ወደ ልጆቼ ይዞራል» አሉኝ። «እኔ ልታሰር።»

ሕጉን አገላብጬ አየሁት። ዕርቅ ቅጣት ቢያቀል እንጂ ክስ አያነሳም። የሰው አፍ የሚያስከፍት አንቀጽም የለውም።

የዐቃቤ ሕጉ የዓይን ምስክር አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ዝማም፣ የሟች ሚስት። አያ ወልዱን ልትቀብርልኝ መጣች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ሽማግሌዎቹ ወንዱን አስምለው፣ ወንዱን አስታርቀው ሲበተኑ፣ ሴቶቹን ማስማል ለማንም ትዝ አላለውም!

በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ተናገረች፤ አስተርጓሚው ተከተላት። «ባሌ ቁጡ ነበር» ሲል የሟች ወንድሞች ከአግዳሚው ቀና አሉ። «መጥረቢያውን ያነሳው እሱ ነው። ወልዱ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከኋላው ገደል ነው። መጥረቢያው ሲመጣበት መታው።»

እሷ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። ኪሮስ ሲቆጣ ቤት እንደሚያናውጥ፣ ቁጣው ሲበርድ ደግሞ ግልገል በጋቢው ታቅፎ እንደሚያባብል፣ ፍየል ሲያግድ እንደሚያንጎራጉር፣ ማሩን ለጎረቤት ሰጥቶ ሰፈፉን ለቤቱ እንደሚያመጣ ተናገረች። ዳኛው በትሕትና «ጉዳዩ ላይ ብቻ» አሏት።

ብይኑ በተነበበ ዕለት አያ ወልዱ መከላከል ሳያስፈልጋቸው በነጻ ተሰናበቱ። ዘመዶቻቸው እየሳሙ ወሰዷቸው፤ እኔም የነበረኝን አንድ ወዳጅ በገዛ ክርክሬ አጣሁ። የሟች ወንድሞች ዝማምን ሳያዩዋት አልፈው ሄዱ። በሩ ላይ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት።

«እንዲህ ጥለውዎት እንደሚሄዱ እያወቁ ለምን ተናገሩ?» አልኳት።

አማርኛዋን እየፈለገች መለሰችልኝ። «ከዕርቁ ወዲህ ስሙን የሚጠራ የለም። ክፉውን እንዳይሉ ፈርተው ደጉንም ተዉት። ልጅ የለን። ቤቱ ዝም ነው። እዚህ ጠየቁኝ።»

ነጠላዋን አጣፍታ፣ መንገድ ልትጀምር ነው ስል፣ ወደ እኔ ዞረች።

«የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?»

ቀጠሮ በዛብኝ ብሎ የሚያለቅስ ባለጉዳይ ስንቱን አይቻለሁ፤ ቀጠሮ የሚለምን ግን አይቼ አላውቅም። መዝገቡ ተዘግቷል አልኳት። አስተርጓሚው ሄዶ ስለነበር፣ እስክትረዳኝ ድረስ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳት።