ካፖርት የለበሰው ኮምፒውተር

የቤተሰቡ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ። ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ፣ ሰብሳቢው ሸለብ ስላደረጋቸው ስምንት ተኩል ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ ሳሎን፣ በመስኮቱና በፍሪጁ መካከል፣ ኮምፒውተሩ ያለበት ጠረጴዛ ዙሪያ።

የተገኙ፦
1. አባት፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰብሳቢ
2. እትዬ፤ የአባት ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊ፣ ከእኛው ጋር የሚኖሩ፣ አባል
3. ታላቅ ወንድም፤ ጫማ ሻጭ፣ በቅጽል ስሙ ኢንጂነሩ፣ አባል። ስሙ የወጣለት አንድ ጊዜ ካውያ ጠግኖ ነው። ካውያው ከዚያ ወዲህ አልሠራም።
4. ታናሽ እህቱ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሳትጠየቅ የተመረጠች ጸሐፊ
5. እናት፤ የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት፣ የማታ ተማሪ፣ ባለጉዳይ። ሰው በራሱ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም ተብሎ ያለ ድምፅ የተቀመጡ
6. ድመቷ፤ ታዛቢ፣ ሲፒዩ የሚባለው ሳጥን ላይ ተኝታ

ምልአተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። ድመቷ ትቆጠር አትቆጠር በሚለው ላይ ጥቂት ክርክር ተነሥቶ፣ እሷ ሳትነቃ ታልፏል።

ስብሰባው የተጠራበት ምክንያት፦ እናት ለዲፕሎማቸው የሚያዘጋጁት የማጠቃለያ ጽሑፍ ነገ ጠዋት መግባት አለበት። ርዕሱ «አዋቂዎች ሲጨቃጨቁ ሕፃን ምን ይማራል?» የሚል ነው። መምህራቸው አንብበው «ጥሩ ነው፤ ከራስዎ ኑሮ የተወሰደ አንድ ምሳሌ ግን ይጨመርበት» ብለው መልሰውታል። እናት ትምህርቱን የጀመሩት እኛን ሁለታችንን አስተምረው ከጨረሱ በኋላ ነው። ነገ ካላስገቡ ምረቃቸው ለከርሞ ይተላለፋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሰሞኑን፣ ሰው እየጻፈበት ሳለ ድንገት ድርግም ማለት ጀምሯል።

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ጸሐፊዋ «እኔ በወረቀት ልጻፍ፣ እማዬ ማሽኑ ላይ ትቀመጥ» ስትል ሐሳብ አቀረበች። ሰብሳቢው «ሲጠፋ በዓይናችን ካላየን በምን ላይ ልንወያይ ነው?» በማለት ቃለ ጉባኤው በዚያው ኮምፒውተር እንዲጻፍ አዘዙ። እናት «እኔስ መቼ ልጻፍ?» ብለው ጠየቁ። ጉዳያቸው በአጀንዳ ሦስት፣ ልዩ ልዩ በሚለው ሥር መያዙ ተገለጸላቸው።

አጀንዳ አንድ፦ ኮምፒውተሩ ለምን ይጠፋል?

ሰብሳቢው ምክንያቱ ብርድ መሆኑን አስረዱ። ሞተር ካልሞቀ እንደሚያጠፋ፣ እሳቸው በብርድ ወራት የአውቶቡሱን ራዲያተር በካርቶን ይጋርዱ እንደነበር፣ መንገደኛም አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አድሮባቸው እንደማያውቅ በዝርዝር ገለጹ። በዚህ አጋጣሚ እትዬ ለሳጥኑ የሰፉለትን ልብስ አመሰገኑ። ልብሱ ከአሮጌ ካፖርት የተሠራ፣ ገበር ያለው፣ ከፊት በሦስት ቁልፍ የሚቆለፍ፣ ሳጥኑን ጥብቅ አድርጎ የያዘ ነው። ጎረቤት ሁሉ አይቶ ቀንቶበታል። እትዬ ምስጋናውን ተቀብለው፣ አቧራ በየት በኩል እንደሚገባ እስካሁን አንድም ሰው ሊያሳያቸው እንዳልቻለ አስመዘገቡ።

ጸሐፊዋ ማሽኑ መጥፋት የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቀች። አባላቱ ተማክረው፣ ካፖርቱ በተሰፋለት ሰሞን፣ ማለትም ብርዱ ሲገባ መሆኑን አስታወሱ። ይህም የሰብሳቢውን የብርድ ሐሳብ የሚያጠናክር ሆኖ ተገኘ።

ኢንጂነሩ ነገሩ ቫይረስ እንደሆነ፣ ቫይረስ ካልሆነም ፍሪጁና ኮምፒውተሩ በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካታቸው እንደሆነ ተናገረ። ሰብሳቢው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ቢጠይቁት «አባዬ፣ አንተ የምታውቀው መሪና ፍሬን ነው!» አለ። ሰብሳቢውም «አንተ የምታውቀውን ደግሞ ካውያውን እንጠይቀው!» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ቃላቸው እንዲመዘገብ አጥብቀው ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጠፋ።

ማሽኑ አርፎ ሲከፈት የተገኙት ሰዎች ዝርዝር ተርፏል፤ ስድቡ ግን የለም። ሰብሳቢው ለታሪክ መቅረት ስላለበት እንዲደገም አዘዙ። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «አባዬ በይበልጥ የሚያውቀው መሪና ፍሬን ነው፤ በዚያ የሚስተካከለው የለም» አለ። ሰብሳቢው ጥቂት አስበው «ካውያውም ድሮውኑ ያረጀ ነበር» አሉ። ጸሐፊዋ ይህንን ጽፋ ሳትጨርስ ማሽኑ እንደገና ድርግም አለ።

በሦስተኛው ኢንጂነሩ «አባዬን ያህል ሹፌር አላየሁም» ሲል፣ ሰብሳቢው «ካውያው ሲበላሽ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን፤ የሞከረ እሱ ብቻ ነው» አሉ። ይሄኛው ቃል ጸሐፊዋ በየመስመሩ ሴቭ ስላደረገች ተርፏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እዚህ የሰፈሩት ጸሐፊዋ በሥራዋ ምክንያት የሰው ቃል ስለማትረሳ ነው፤ ለዚህም ይቅርታ አትጠይቅም። ሁለቱ ወገኖች በምን እንደተጣሉ ተጠይቀው ማስታወስ አልቻሉም።

እናት «አሁን ልቀመጥ?» ብለው ጠየቁ። አጀንዳ ሦስት ገና መሆኑ ተነገራቸው።

አጀንዳ ሁለት፦ መፍትሔ

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

ውሳኔ አንድ፦ ሳጥኑ በካፖርቱ ላይ ብርድ ልብስ እንዲደረብለት። ወዲያው ተፈጻሚ ሆነ። ድመቷ ደስ ብሏት ተጠቀለለች። ኮምፒውተሩ ከወትሮው ፈጥኖ ጠፋ። እትዬ ብርድ ልብሱ ስስ መሆኑን፣ ይህንንም ሲገዛ ጀምሮ ሲናገሩ ሰሚ ማጣታቸውን አስታወሱ።

ውሳኔ ሁለት፦ ፍሪጁ እንዲነቀል። እናት ወተት መኖሩን ቢያሳስቡም ያለ ድምፅ በመሆናቸው አልተመዘገበም። ጸሐፊዋ ግን መዝግባዋለች።

ውሳኔ ሦስት፦ ማሽኑ አጠገብ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዳይናገር። ይህ ውሳኔ የጸደቀው በጩኸት ነው።

ውሳኔ አራት፦ የካፖርቱ ገበር ተፈትቶ ውስጡ ጥጥ እንዲሞላበት። እትዬ እዚያው መርፌ፣ መቀስና ጥጣቸውን አምጥተው ካፖርቱን ከሳጥኑ ላይ አወለቁ። ብርድ ልብሱንም ለጊዜው በራሳቸው ጉልበት ላይ ጣሉት። ድመቷ ባዶውን ሳጥን አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች፣ ሄዳ እትዬ ጭን ላይ ተኛች።

ከዚህ በኋላ ጥጥ ይሁን ስፖንጅ በሚለው ላይ የቀኑ ትልቁ ክርክር ተነሣ። ሰብሳቢው ስፖንጅ የአውቶቡስ ወንበር ላይ ያለውን ጥቅም አብራሩ። ኢንጂነሩ ጥጥ እሳት እንደሚይዝ፣ እትዬ ከኢንጂነሩ ካውያ በቀር በዚህ ቤት እሳት የሚያስነሳ ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ክርክሩ ሻይ እስኪቀርብ፣ ከሻይም በኋላ ቀጠለ። ጸሐፊዋ አንዱንም አልዘለለችም፤ ጣቶቿ እስኪዝሉ ጻፈች።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ አንድ ነገር ልብ አለች። ኮምፒውተሩ አልጠፋም።

ቀና ስትል እናትም እሷን እያዩ ነበር። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጉ። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ ዝም በይ ማለት ነው። እትዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ የሚሰፉትን ከፍ አድርገው በደስታ ያዩት ነበርና ጸሐፊዋ ወደ መተየቧ ተመለሰች።

ዝም ያላለው ኢንጂነሩ ነው። ስኳር ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እጁ ሳጥኑን ነካ። «ቀዝቅዟል እኮ! ቅድም እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ውይ፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው! ይተነፍሳል!» አለ። ማራገቢያው እያፏጨ ሲሽከረከር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም ሰማነው።

ሰብሳቢው፣ ለካ ሞተር ሲፈላም ያጠፋል፣ ካርቶኑንም ዳገት ላይ ሲደርሱ ያነሡት እንደነበር በዝግታ ተናገሩ።

የእትዬ መርፌ ቆመ። «አፍኜው ኖሬያለኋ» አሉ። ሰብሳቢው በጉዳዩ ጥፋተኛ የለም የሚል ውሳኔ በአስቸኳይ እንዲያልፍ አቀረቡ፤ ኢንጂነሩ ሁለት እጁን አወጣ። እትዬ ግን ተቃወሙ። «ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው ስሰፋ፣ ሰውዬው እንዲተነፍስ በአንገቱ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ሳልተው ሰፍቼ አላውቅም። ይሄን ግን ዕቃ ነው ብዬ ናቅሁት። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ» አሉ። እንዲህ ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ ወደ እናት ዞሩ። «አንቺ ግን አልደነገጥሽም። ታውቂ ነበር?»

እናት፣ ሳምንቱን ሙሉ እትዬ ወደ ሱቅ ብቅ ባሉ ቁጥር የካፖርቱን ቁልፍ ፈትተው ሲጽፉ እንደሰነበቱ፣ ኮቴያቸውን ሲሰሙ መልሰው ሲቆልፉ እንደቆዩ አመኑ። «ዓይንሽ እየደከመ የሰፋሽውን ልብስ አውልቂልኝ ልበልሽ? እንዴት ብዬ! ዛሬ እሑድ ነው፣ ዘመድ ጥየቃ ትወጫለሽ፣ ከፍቼ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ስብሰባ ጠሩብኝ» አሉ።

«እኔን ላለማስቀየም ብለሽ ዓመት ልትደግሚ? አንቺ ሞኝ!» አሉ እትዬ። ድምፃቸው የቁጣ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር፤ የእናትም እንዲሁ። ጸሐፊዋ ስለራሷ ዓይን ምንም አታስመዘግብም።

ቀጥሎ እትዬ ማንንም ሳያስፈቅዱ ካፖርቱን አጠፉት፣ ጥጡን በሙሉ ሞሉበት፣ ዙሪያውን ሰፉት፣ ሦስቱን ቁልፎች ለጌጥ አስቀሩ። ጸሐፊዋን ከወንበሩ አስነሥተው የተሠራውን ትራስ በደረቁ እንጨት ላይ አነጠፉት። «ለሳጥኑ ሳይሆን ለተቀማጯ ነበር የሚያስፈልገው» አሉ።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

እናት ተቀመጡ። የራሳቸውን ጽሑፍ ከመክፈታቸው በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ይህንን ቃለ ጉባኤ ከላይ ጀምረው አነበቡት። የካውያው ነገር ለሦስተኛ ጊዜ የተደገመበት ቦታ ሲደርሱ ሳቃቸው መጣ፤ እየሳቁ ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያም «ይሄ እንዳይጠፋ። ምሳሌዬ ይሄው ነው» አሉ።

ሰብሳቢው የቤተሰቡ ገመና ለመምህር መቅረቡ አሳስቧቸው ተቃውሞ አሰሙ። እናት ቃለ ጉባኤው ላይ የማንም ስም አለመኖሩን አመለከቱ። ተጣርቶ እውነት ሆኖ ተገኘ። ኢንጂነሩ ካውያው ብቻ እንዲሰረዝ ለመነ። አልተፈቀደለትም።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ ድምፅ የሌላቸው ባለጉዳይ ባቀረቡት፣ ድምፅ ያላቸው ሁሉ ሳያንገራግሩ በተቀበሉት መሠረት፣ ብርድ ልብሱ ወደ አልጋው ይመለስ፤ ፍሪጁ ይሰካ፤ መጮህ ይፈቀድ፣ ግን ጓዳ ሄዶ፤ ጥጡ ባለበት ይቅር። ዛሬ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መመረጣቸው ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ኮምፒውተሩ ራቁቱን ይኑር።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናት «በሉ ውጡልኝ» ባሉ ጊዜ ተበተነ። ሥልጣኗ የተሻረው ጸሐፊ ይህን የመጨረሻ መስመር የጻፈችው በእናት ትከሻ ላይ እጇን አሻግራ ነው። ከእሷ እጅ ሥር፣ በሌላው ገጽ፣ እናት ምሳሌያቸውን ጀምረውት ነበር፦ «ለምሳሌ፣ በእኛ ቤት ሰዎች ሲጣሉ ሦስት ጊዜ የሚያስደግም ኮምፒውተር አለ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ይመራረቃሉ።»