የአየለ ባለ ዋንዛ መኪና

በደርግ ጊዜ ዕቃ አይጣልም ነበር። ቆጣቢ ስለነበርን እንዳይመስላችሁ፤ ምትክ ስለሌለ ነው። ማበጠሪያ እንኳ ጥርሱ ቢረግፍ «ገና ሦስት አለው» ብለን እናኖረዋለን።

የዲላው ጎረቤቴ አየለ ግን ከሁላችንም ባሰ። ግቢው ውስጥ ጎኗ ሁሉ እንጨት የሆነ አሮጌ ስቴሽን ዋገን ቆማ ነበር። መኪና ዝገት ሲበላት አይታችሁ ይሆናል፤ ይቺን የበላት ምስጥ ነው። ስለዚህ እኔን አናጢውን ጠራኝ።

«ዳዊት ሲመለስ ከመናኸሪያው በዚች ነው የማመጣው፤ አደራህን» አለኝ።

ዳዊት አንድ ልጁ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ አደራ ተቀብሎ ማን ይለግማል?

ከዱመርሶ የደረቀ ዋንዛ አስመጣን። ዋንዛን ምስጥ አይደፍረውም። እሱ ሞተሩን ሲፈታ እኔ ጎኗን ስገጥም ከረምን። «የኋላውን ሰፋ አድርገው፤ ልጁ እግረ ረጅም ነው» ይለኛል። መንገደኛው ደግሞ «ቁም ሳጥኗ የት ደረሰች?» እያለ ያሾፍብናል።

ሞተሯ የተነሳ ዕለት ሹፈቱ ቀረ፤ እድራችን መኪና አገኘ። እንደምታውቁት መርዶ ማልዶ ነው የሚነገረው፤ ባለቤቱ መንገድ ላይ ከሰው አፍ እንዳይሰማው። በዚያ ዓመት ደግሞ መርዶ በዛ። እኛ መርዶ አርጂዎቹ ጎህ ሲቀድ የአየለን በር እናንኳኳለን፤ እሱ ቁልፉን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ይርጋጨፌ፣ አንድ ቀን ወርቃ። ሲመለስ ሐዘኑ እንዳይጋባባት ነው መሰለኝ፣ ዋንዛውን በዘይት ይወለውላል።

አንድ ማለዳ አራታችን እንደ ልማዳችን አንኳኳን። አየለ ጋቢውን ደርቦ ወጣ፣ አየንና ሞተሩን አስነሳ። የኋላውን በር ከፈተልንና «ግቡ እንጂ። ዛሬ ደግሞ ማን ቤት ነው?» አለ።

ማናችንም አልገባንም።

ስንት ቤት መርዶ አርድቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ያንን ያሰፋሁትን የኋላ መቀመጫ አየሁ።

«ሞተሩን አጥፋው፣ ወንድሜ» አልኩት።

አጠፋው። ከዚያ ወዲያ አላስነሳትም። ሞተሯን ዝገት ጨርሶታል፤ ዋንዛውን ግን እስከ ዛሬ ምስጥ አልደፈረውም።