በማንኪያ የሚንጠባጠብ ሽምግልና

እኛ የምናውቀው መጠጥ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ አለቀ። ቢበዛ "ሙላው እንጂ፣ ምን በደልኩህ?" ይባላል። አሜሪካ ከመጣን ወዲህ ግን መጠጥ ሁሉ ትምህርቱን አስከትሎ ይመጣል። ወይኑ ይሸተታል፣ የቢራው የትውልድ ሐረግ ይተረካል፣ እናንተ ጉሮሯችሁ ደርቆ ቁጭ ብላችኋል። በዚህ ቢያበቃ እኮ ጥሩ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ አብሲንት የሚባል መጣብኝ።

ያመጣብኝ ጓደኛዬ ገዛኸኝ ነው። አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ባርቴንደር ነው፤ ልቡ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን ፍሬን የለውም። ስለ መኪና ጎማ ብትጠይቁት ከጎማ ዛፍ ይጀምርላችኋል። ሚስቱ ሰናይት አንድ ሐሳብ ጀምራ ስትጨርስ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ልብሷን ሰብስባ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቷ ቤት ገባች። ሀያትስቪል አፓርትመንት አግኝታለች፤ ሰኞ የኪራይ ውሉን ትፈርማለች። "እሁድ ከሰማኝ ሰማኝ፤ ካልሰማኝ በቃኝ" ብላ ቁርጡን ነገረችን።

ነገረችን የምላችሁ ለጋሽ በላቸውና ለእኔ ነው። ጋሽ በላቸው በዚህ አካባቢ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔ የተጠራሁት መኪና ስላለኝ ነው። እሁድ ከቀትር በኋላ ጋሽ በላቸውንና ሰናይትን ጭኜ፣ ቤልትዌይ ከሚሉት የቀለበት መንገድ ትራፊክ ጋር ስታገል ቆይቼ፣ ላንድማርክ ሰፈር ገዛኸኝ ቤት ደረስን። ሰውዬው ሚስቱ ልትሄድበት ነው፤ ምን አዘጋጅቶ የጠበቀን ይመስላችኋል? አረንጓዴ አብሲንት፣ ውሃ የመሰለ ነጭ አብሲንት፣ በረዶ የገባበት ውሃ፣ ቁራጭ ስኳር፣ አንዲት የተበሳሳች ማንኪያ።

ገና ሳንቀመጥ ጀመረ። አረንጓዴው ቀለሙን ከቅጠል ያገኘ ነው፤ ነጩ ቅጠሉ ሳይዘፈዘፍበት የቀረ ነው፤ ስኳሩን በእሳት የሚለኩሱት አላዋቂዎች ናቸው፤ ሁሉም ከአሪቲ ዘመድና ከእንስላል ይሠራል። ጋሽ በላቸው "አሪቲን እኛ እናሸተዋለን እንጂ አንጠጣውም" አሉ። ሰናይት "ጋሼ፣ እኔ የምለው..." ስትል፣ ገዛኸኝ "ውሃው በደንብ መቀዝቀዝ አለበት" አለ። ጠርሙሱን በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አድርጎ ቀዳ፤ ማንኪያዋን ብርጭቆው አፍ ላይ አጋደመ፤ ቁራጭ ስኳር አስቀመጠባትና ውሃውን በጠብታ በጠብታ ያወርድበት ጀመር።

"ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነበር፤ ይሄ ደግሞ በማንኪያ ሆነ" አሉ ጋሽ በላቸው።

ገዛኸኝ አጎንብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ዓይኑን ጠብታው ላይ ተክሏል። ሰናይት ግራ ቀኙን አየችና መናገር ጀመረች።

መጠጡ ደፈረሰና ነጣ። ጋሽ በላቸው ቀመስ ሲያደርጉት ፊታቸው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ። "ይሄማ ኡዞ ነው" አሉ። ገዛኸኝ ልዩነቱን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ብርጭቆውን ጨልጠው ዘረጉለት። "ድገመኝ።" ተመልሶ አጎነበሰ። ሰናይት ካቆመችበት ቀጠለች። እኔ በገንኩ። የሰው ትዳር ሊፈርስ ነው፣ ሽማግሌው ያስቀዳሉ። ጭራሽ ሦስተኛ አዘዙ።

"የነርሲንግ ፈተናውን ወድቄ የመጣሁ ቀን፣ እንዴት እንደሚታለፍ አስተማርከኝ" አለች ሰናይት። "እኔ ማልቀስ ነበር የፈለግኩት። ሁለተኛውን መውደቄንማ ልነግርህ ስንቴ ጀመርኩ፤ አላስጨርስ አልከኝ።"

ውሃው ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ገዛኸኝ ቀና አለ።

"ሁለተኛውንም?" አለ። ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ አለቀሰች፤ እሱም እስኪወጣላት ጠበቃት።

ሰናይት እዚያው ቤቷ ቀረች። እኔ ጋሽ በላቸውን ደግፌ ወደ ፓርኪንጉ ሳወርዳቸው ብስጭቴ ገና አልወጣልኝም ነበርና "ምነው ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን ነካዎት?" አልኳቸው።

"ይሄን መርዝ ወድጄው መሰለህ?" አሉኝ፤ አንደበታቸው ተሳስሯል። "ሲያንጠባጥብ አያወራማ። እሷ እስክትጨርስ ብዬ ነው የጠጣሁት።"

ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ሁሉንም ተረኩላት፤ ከመጠጡ ዓይነት ጀምሬ፣ በቤልትዌይ አዙሬ፣ አንድም ሳላስቀር። መሐል ላይ ሁለት ሦስቴ አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፤ ቆይ ልጨርስልሽ አልኳት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ማንኪያዋን ከየት ነው የገዛት?"