ጻፊ፣ ገነቴ!

በየከተማው የሰውን ሆድ ሳይሾም የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይጠፋም። የሆሳዕናው ባለሥልጣን ልብስ ሰፊው ክቡር አቶ ወንዳፈረው ናቸው። ሜትሩን በሁለት እጃቸው ስለሚይዙ መጻፍ አይችሉም፤ የሚጽፉት ጓዳ ያሉት ባለቤታቸው ናቸው። ስለዚህ በረንዳ ላይ ቆመው ይጮኻሉ፦ «ጻፊ፣ ገነቴ! ወገብ መቶ ስድስት!» ወይዘሮ ገነቴ ሳይጽፉ መናኸሪያው ይሰማል።

መምህር ሆሴዕን፣ «ጻፊ፣ ገነቴ! መቶ አራት! መምህር፣ ደመወዛችሁን የሚከፍሏችሁ በቆጮ ነው እንዴ?» ብለውታል። ቀጭኗን ሊድያን ደግሞ፣ «ጻፊ! ሃምሳ ስምንት! ልጄ፣ ንፋስ ሲነሳ ከቤት አትውጪ።»

ጣጣው የመጣው የመዘምራን ልብስ ሲታዘዝ ነው። መሪ ድምፃችን ራሄል ማይክ የማያስፈልጋት ሰፊ ሴት ናት። «ጻፊ፣ ገነቴ! መቶ ሠላሳ ሁለት! ጨርቁ ይበቃ ይሆን?»

አንድ የባጃጅ ሹፌር ከመንገድ ማዶ፣ «ካልበቃ ከአዲሎ ገበያ ይምጣ!» አለ። ሰው ሳቀ። ራሄል ሜትሩን ከወገቧ ፈትታ ሄደች። «ከእንግዲህ መድረክ ላይ አልቆምም» አለችን። ልብሱ የታዘዘለት የቤተ ክርስቲያናችን ኮንፈረንስ አሥር ቀን ቀርቶታል።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ በራሴ ማንበብ የቀጠልኩ ሰው ነኝ፤ ጌታ ይመስገን። ያን ሰሞን የማነበው ወፍራም ሰዎች ስለሚደርስባቸው ንቀት ነበር። መጽሐፉን ብብቴ ሥር ይዤ ሄድኩ።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ ስሙኝማ። ወፍራም ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ሰነፍ ይባላል ይላል መጽሐፉ። ጆሮውን አሞት ሐኪም ጋ ቢሄድ እንኳ ‹ክብደት ቀንስ› ተብሎ ይመለሳል።»

«እኔ መቼ ተሳደብኩ? የተናገርኩት ቁጥር ነው። ቁጥር ይሳደባል?»

«እንግዲያው ይቁሙ።» ሜትሩን ተቀብዬ ሆዳቸው ላይ አዞርኩ። ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ጮኽኩ፦ «ይጻፉ፣ እትዬ ገነቴ! መቶ አሥራ ሁለት!»

«ጋሼ፣ መንታ ነው?» አለ ያው ሹፌር።

«የማንን ነው የምጽፈው?» አሉ ወይዘሮ ገነቴ።

«የእኔን» አሉ አቶ ወንዳፈረው ድምፃቸው ጠፍቶ።

«እሱንማ ሳይለካም አውቀዋለሁ!»

በዘጠነኛው ቀን አቶ ወንዳፈረው ልብሱን ራሳቸው ራሄል ቤት ይዘው ሄዱ። «ዳግም ሳልለካሽ ነው የጨረስኩት። አሥራ አራት ዓመት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስትዘምሪ አይቼሻለሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ደረቱ ላይ ሦስት ጣት ትርፍ አለው፤ ለትንፋሽሽ ነው።» ልክ ሆነ። በኮንፈረንሱ ስትዘምር የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

አቶ ወንዳፈረው መጮኹን ግን አልተዉም፤ የለመደ ጉሮሮ ምን ይደረጋል? አሁን እውነተኛውን ልክ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ይጽፉና ለሁሉም የገዛ ሆዳቸውን ልክ ይጮኻሉ። ሊድያም ብትመጣ፣ «ጻፊ፣ ገነቴ! መቶ አሥራ ሁለት!» ወይዘሮ ገነቴም እስክሪብቶ ሳያነሱ፣ «ጽፌያለሁ!» ይላሉ።

ዝምተኛ ልብስ ሰፊ እኔ ሰፈር አለ፤ አንድም ቀን እሱ ጋ ሄጄ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ላሰፋ አቶ ወንዳፈረው በረንዳ ላይ ቆምኩ፤ መቶ አሥራ ሁለትም ተባልኩ። ጠመኔው የጻፈውን የምናውቀው እሳቸው፣ እኔና ጌታ ብቻ ነን።